የክሬንባህ ሠላሳ አንድ ድንጋዮች

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ባሕር ማዶ፣ ጀርመን በሚባለው አገር፣ ክሬንባህ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። በአገሬው ቋንቋ የቁራ ጅረት ማለት ነው። ቁራ ነበረባት፤ ጅረትም ነበራት፤ ስሟ አልዋሸም።

ቀረብ በሉና ጆሯችሁን ያዙ። ለምን እንደምላችሁ በኋላ ታውቁታላችሁ።

ክሬንባህ ሃያ ሦስት ቤት ነበራት። ሃያ አራት አልልም፣ ሃያ ሁለትም አልልም፤ ሃያ ሦስት። በምሥራቅ ኮረብታ፣ በምዕራብ ኮረብታ፣ በደቡብ ረግረግ፣ በሰሜን ደን። መሃል ላይ የደወሉ ማማ ወደ ግራ ያዘመመ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከፊቱ ሊንደን የሚሉት ትልቅ ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱን ለማቀፍ አምስት ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ ነበረበት።

ጥንት መንደሯ ሦስት ምንጭ ነበራት። አንደኛው በታላቁ ጦርነት ጊዜ ወታደሮች የሞተ ፈረስ ጣሉበትና ተደፈነ። ሁለተኛው መንደሯ በተቃጠለች ዓመት ደረቀ። ሦስተኛው ከደኑ ግርጌ ቀረ። ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነው። ላም የምትጠጣው ከዚያ ነው። ወፍጮውም የሚዞረው በዚያ ነው። ያ ምንጭ ከሄደ ክሬንባህ የለችም።

ከደኑ በላይ ደግሞ አንድ ግንብ ነበር። በግንቡ ውስጥ አንድ ጌታ ነበር። ጌታውም በየቀኑ በመስኮቱ ቆሞ ወደ ምንጩ ይመለከት ነበር።

የክሬንባህ መሬትና የሌላው መሬት የሚለየው በወሰን ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። መንደርተኛው በዓመት አንድ ቀን ሁሉንም በእግሩ ይዞራቸዋል። በየድንጋዩ አጠገብ ሲደርሱ አንድ ልጅ ይጠሩና ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ይጎትቱታል። ልጁ ይጮኻል። ከዚያ ዳቦ ይሰጡታል። ልጁም አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ያ ድንጋይ የት እንደቆመ አይረሳም። አያችሁ? ለዚህ ነው ጆሯችሁን ያዙ ያልኳችሁ።

ይህ ሁሉም የሚያየው ነው። የማይታየውን ደግሞ ልንገራችሁ።

በመንደሯ ሰባት የማሉ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ሰባቱ ይላቸዋል፤ ሌላ ስም የላቸውም። አንድ ድንጋይ ሲተከል ሰዉ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ሰባቱ ብቻ ጎንበስ ይሉና ከድንጋዩ ሥር አንድ ነገር ይቀብራሉ። ያንን ነገር ምስክር ይሉታል። ምስክሩ ምን እንደሆነ ለሚስት አይነገርም፣ ለልጅ አይነገርም፣ ለቄስም አይነገርም። ወሰን ሲካድ ለማለ ዳኛ፣ በጆሮው ብቻ ይነገራል። በወረቀት ላይ ተጽፎ አያውቅም።

ከሰባቱ አንዱ ኪሊያን ይባላል። በዚያ አገር ሽማግሌን ፌተር ብለው ይጠሩታል፤ እኛ አያ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ፌተር ኪሊያን ነበር የሚባለው።

ፌተር ኪሊያን ሁለት ጠባይ ነበረው፤ ይቆጥራል፣ ይጠረጥራል።

የከሰል አክሳይ ልጅ ነበር። አባትና እናቱ ሞተውበት ወደ ክሬንባህ ሲመጣ ያለው አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው። ማንም የማይፈልገውን ጭንጫ መሬት ሰጡት። ድንጋዩን በእጁ ለቀመው፤ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ድንጋይ። ከዚያ ገብስ ዘራ። በባዶ እጁ የጀመረ ሰው ያለውን ሁሉ ቁጥሩን ያውቃል።

ጎረቤት መጥቶ ሲሄድ እንቁላሉን ይቆጥራል። ቄሱ መጥተው ሲሄዱ ማንኪያውን ይቆጥራል። ውሻው ተኝቶ ሲነሣ የውሻውን ቁንጫ ብቻ ነው የማይቆጥረው ይሉ ነበር ሰዎች።

«ፌተር ኪሊያን እኮ ጥላው ከኋላው ሲከተለው ምን ፈልገህ ነው ይለዋል» እያሉ ይስቁበታል።

እሱም ሲስቁ የሳቁትን ይቆጥራል።

እንግዲህ አንድ የጸደይ ቀን አንድ እንግዳ መጣ። ጥቁር ኮፍያ፣ ክብ መነጽር፣ በብብቱ ወፍራም መጽሐፍ። በትከሻው ደግሞ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ተሸክሟል። ስሙ ሴባልዱስ ይባላል።

ሊንደኑ ሥር ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

«የክሬንባህ ሰዎች ሆይ» አለ፤ «እኔ የአገር ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። የመንደራችሁን አቀማመጥና ታሪክ ልጽፍ መጥቻለሁ። ኮረብታችሁን እጽፋለሁ፣ ደወላችሁን እጽፋለሁ፣ ስማችሁን እጽፋለሁ። መቶ ዓመት ቢያልፍ አትረሱም።»

መንደሩ በደስታ አበደ! እስከዚያ ቀን ስለ ክሬንባህ የጻፈ ሰው አልነበረም። ቫልቡርጋ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በቤቷ ሰገነት አልጋ ዘረጋችለት። ሌላው ወተት አመጣ። ሌላው ወንበር ተሸክሞ መጣ።

ኪሊያን ግን ወደ ሰንሰለቱ ተመለከተ። ስም ለመጻፍ ሰንሰለት ምን ያደርጋል?

ሴባልዱስ ከቤት ቤት ዞረ። ቫልቡርጋ ስለ እሳቱ ነገረችው። የወፍጮው ባለቤት ስለ ጎርፉ ነገረው። የመንደሩ አንጥረኛ ቬንዴል ስለ ታላቁ ጦርነት ነገረው፤ ወታደሮቹ ያን ጊዜ ከቆሙት ቤቶች አራቱን ብቻ እንደተዉ፣ አያቱ በእቶኑ ውስጥ ተደብቀው እንደተረፉ። ሴባልዱስ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ መጽሐፉን ያዞርና «እዚህ ላይ ምልክትዎን ያድርጉ፤ ቃልዎ መሆኑ እንዲታወቅ» ይላል። ሰዉም ማንበብ ስለማይችል በኩራት መስቀል ይሥላል።

ኪሊያን በሩቅ ሆኖ ጥያቄዎቹን ይቆጥር ነበር። ስለ ደወሉ አንድ ጊዜ ጠየቀ። ስለ ጦርነቱ አንድ ጊዜ ጠየቀ። ስለ ምንጩ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀ።

በመጨረሻ ወደ ኪሊያን ቤት መጣ።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አባትህ አይደለሁም። ልጆቼን ቆጥሬ አውቃቸዋለሁ።»

ሴባልዱስ ሳቀ። «እሺ፣ ፌተር ኪሊያን። መንደሯ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ትበልጥሃለች» አለና ኪሊያን በሩን ዘጋው።

በሁለተኛው ቀን ትምባሆ ይዞ መጣ። «ድንጋዮቹስ? ሠላሳ አንድ ናቸው አሉኝ። የቱ ከየቱ ምን ያህል ይርቃል?»

«ሰንሰለት አለህ አይደል? ለካው።»

«ምልክትዎንስ በመጽሐፌ ላይ ያደርጉልኛል? ሃያ ሁለት ቤት አድርጓል። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«የማላነበው ነገር ላይ ምልክት አላደርግም» አለ ኪሊያን፤ በሩንም ዘጋው። ትምባሆውን ግን አልመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ሴባልዱስ ባዶ እጁን መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ፌተር ኪሊያን፣ ከድንጋዮቹ ሥር አንድ ነገር አለ ይባላል። ሰባቱ ብቻ የሚያውቁት። እርስዎ ነገ ከነገ ወዲያ ቢሞቱስ? ሌሎቹም ቢሞቱስ? እንዲህ ያለ ዕውቀት ከሰው ጋር መቀበሩ አያሳዝንም? በጆሮዬ ይንገሩኝ፤ በግሪክኛ ፊደል እጽፈዋለሁ፣ ማንም አያነበውም።»

ኪሊያን ጥያቄዎቹን በልቡ ቆጠረ። ይህ ሰው ለምን ወደ እኔ መጣ? ማን ላከው? ከሌሎቹ ስድስት ምን ሰምቷል? ባባርረው ነገ ወደ ሌላው ይሄዳል። ውሸት ብሰጠውስ? ውሸቴን ይዞ የት እንደሚገባ አያለሁ።

ግራና ቀኝ አየ። ወደ እንግዳው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ሦስት የዝይ እንቁላል ቅርፊት» አለ በሹክሹክታ። «በየቅርፊቱ ውስጥ አንድ የፈረስ ኮቴ ሚስማር። የሚስማሩ ጫፍ ወደ ጅረቱ የዞረ።»

ያን ደቂቃ የፈጠረው ነው። ዓይኑ ፊት ለፊት አንዲት ዝይ እየሄደች ነበር፤ ከዚያ ነው ያመጣው።

የሴባልዱስ መነጽር አበራ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ!» ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ ኪሊያን በአንጥረኛው ደጅ ሲያልፍ ምን አየ መሰላችሁ? ቬንዴልና ሴባልዱስ ከምድጃው አጠገብ ቆመው ይሳሳቃሉ። ቬንዴል በእንግዳው መዳፍ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ። እንግዳው መዳፉን ዘጋ። ኪሊያንን ሲያዩ ሁለቱም ጸጥ አሉ።

ቬንዴል ከሰባቱ አንዱ ነው። ኪሊያን በአንድ ሸሚዝ የመጣ ቀን ግማሽ ዳቦ የሰጠው ቬንዴል ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ጓደኛው ነው።

ሸጠን፣ አለ በልቡ። ምስክሩን አሳልፎ ሰጠው።

አያችሁ ልጆች፣ ኪሊያን ራሱ ያጠመደውን ወጥመድ ረሳና ጓደኛውን ጠረጠረ። ያን ዕለት የቬንዴልን ሰላምታ አልመለሰም። በማግስቱም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ቬንዴል «ምን ሆነሃል አንተ?» አለው። ኪሊያን መሬት መሬቱን እያየ እርምጃውን መቁጠር ጀመረ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ደረሰ። መንደሩ በሙሉ በቀትር ሊንደኑ ሥር ወጣ። ዋሽንት ተነፋ፣ ቢራ ተቀዳ፣ ዳንስ ተጀመረ። ቫልቡርጋ አንድ ገበታ ቂጣ ይዛ በኪሊያን አጠገብ አለፈች።

«ፌተር ኪሊያን፣ የእኔን እንግዳ ጉድ ሰሙ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቁላል አልወድም ሲል ከርሞ፣ ትናንት የዝይ እንቁላል አማረኝ አለ። ሦስት ጠበስኩለት። ቅርፊቱንስ የት አደረሰው መሰልዎ? በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው!»

«እንቁላሉን በላው?»

«ለድመቷ ሰጣት!»

ኪሊያን አልሳቀም። ዳንሰኞቹን ቆጠረ። የተቀመጡትን ቆጠረ። ሕፃናቱን ቆጠረ። አንድ ሰው ጎደለ። መነጽር ያለው ሰው ጎደለ።

ወዲያው ተነሥቶ ድንጋዮቹን ሊዞር ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሠላሳ አንዱንም አገኛቸው። አልጎደሉም። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቢራው ይመለስ ነበር። ኪሊያን ግን ድንጋዩን ብቻ አልነበረም የቆጠረው፤ በመካከላቸው ያለውን እርምጃም ቆጥሯል። ከአሥራ አምስተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነበር። አሁን አራት መቶ ሃምሳ አንድ ሆነ።

ቀና ብሎ አየ። ምንጩ ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ቀርቷል።

ሮጦ ወደ ዳንሱ ተመለሰ። «ድንጋዩ ተነሥቷል! ምንጩ ተወስዷል!»

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። «ድንጋዩ እግር አወጣ?» አሉት። ከዚያ ሄደው አዩ። ጆሯቸው በዚያ ድንጋይ አጠገብ የተጎተተ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ጆሯቸውን ይዘው «እዚህ አልነበረም!» ብለው ጮኹ። አምስት ጎረምሶች ድንጋዩን ሊነቅሉ እጃቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ከደኑ የግንቡ ጌታ ወታደሮች ወጡ።

«የወሰን ድንጋይ የነካ እጁ ይቆረጣል» አሉ። «ምንጩ የጌታችን ነው። አይደለም የምትሉ ከሆነ ለዳኛ ተናገሩ።»

በዚያ ቀን ምንጩ በእንጨት ታጠረ። ወፍጮው ቆመ። ላሞቹ በባዶው የውኃ ገንዳ ዙሪያ ቆመው ጮኹ። ሴቶቹ የረግረጉን ውኃ በጨርቅ እያጠለሉ መጠጣት ጀመሩ። በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ሕፃናት ታመሙ። የወፍጮው ባለቤት ዕቃውን ጋሪ ላይ መጫን ጀመረ።

በስምንተኛው ቀን ዳኛው ከከተማ መጡ። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። በአሥራ ስድስተኛው ድንጋይ አጠገብ ወንበር ተቀመጠላቸው። በአንድ በኩል መንደርተኛው፣ በሌላው በኩል የግንቡ ጌታና ሴባልዱስ ቆሙ።

ሴባልዱስ መጽሐፉን ዘረጋና አነበበ፦ «ከጥንት ጀምሮ አሥራ ስድስተኛው ድንጋይ ከምንጩ በታች የቆመ ነው፤ ምንጩም የግንቡ ነው። ይህ የክሬንባህ ሰዎች ቃል ነው።» ከሥሩ ሃያ ሁለት መስቀል ተሥሏል።

«እኔ ስለ እሳቱ ነው ምልክት ያደረግሁት!» አለች ቫልቡርጋ።

«እኔ ስለ ጎርፉ!» አለ የወፍጮው ባለቤት።

«ዳኛ የሚያምነው የተጻፈውን ነው» አለ ሴባልዱስ በፈገግታ።

ዳኛው ወደ መስቀሎቹ ተመለከቱ፤ ወደ ድንጋዩ ተመለከቱ፤ ተነፈሱ። «ምልክቱ የእናንተ ነው። ድንጋዩም እዚህ ቆሟል። ሌላ የሚናገር አለ?»

ኪሊያን ወጣ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። መቁጠር ግን እችላለሁ። ከአሥራ አምስተኛው ድንጋይ እስከዚህ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነበር። አሁን አራት መቶ ሃምሳ አንድ ነው።»

«አርጅተዋል» አለ ሴባልዱስ። «የሽማግሌ እርምጃ ያጥራል።»

«እርምጃ ሲያጥር ቁጥሩ ይበዛል እንጂ አያንስም» አለ ኪሊያን። «ይህንን የመጽሐፍ ሰው አያውቅም?»

መንደርተኛው ሳቀ። ዳኛውም ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሴባልዱስ ፊት ግን ቀላ።

«እርምጃ ማስረጃ አይደለም!» አለ። «ከድንጋዩ ሥር ምስክር ይቀበራል አይደል? ይቆፈር! ምስክሩ ከተገኘ ድንጋዩ በቦታው ነው። ምን እንደሆነ እኔ ራሴ ከጥንታዊ ብራና አንብቤ አውቀዋለሁ።»

ኪሊያን ወደ ቬንዴል ተመለከተ። ቅርፊቱን ቢወስድም፣ ቬንዴል እውነቱን ነግሮት ከሆነ፣ ይህ ሰው እውነተኛውን ምስክር ቀብሮ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉም አለቀ። ምንጩ ሄደ፣ ወፍጮው ሄደ፣ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ድንጋይ የለቀመበት እርሻም ሄደ።

ግን ሌላ መንገድ አልነበረም።

«ክቡር ዳኛ» አለ፤ «መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት እኛ ሰባታችን አንድ በአንድ በጆሮዎ እንንገርዎ። ጸሐፊውም ከብራናው ያነበበውን በጆሮዎ ይንገርዎ። ከዚያ ይቆፈር።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰባቱ ተሰለፉ። አንደኛው ቀርቦ በጆሯቸው ነገራቸው። ሁለተኛው ነገራቸው። ሦስተኛው ነገራቸው። አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ቬንዴል ነበር። ኪሊያን የቬንዴልን ከንፈር ለማየት ሞከረ፤ አልቻለም። ሰባተኛው ኪሊያን ነገራቸው። የዳኛው ፊት እንደ ድንጋዩ ነበር፤ ምንም አይታይበትም።

ከዚያ ሴባልዱስ ኮፍያውን አስተካክሎ ቀረበና ነገራቸው።

«ቆፍሩ» አሉ ዳኛው።

ድንጋዩ ተነቀለ። አካፋው ገባ። አፈሩ ልቅ ነበር፤ ገና ትናንት የተቆፈረ ይመስላል። ዳኛው ጎንበስ ብለው እጃቸውን አስገቡና አንድ በአንድ አወጡ። ሦስት የዝይ እንቁላል ቅርፊት። ሦስት የፈረስ ኮቴ ሚስማር።

«ይኸው!» አለ ሴባልዱስ። «እንዳልኩት!»

ቫልቡርጋ አንገቷን አሰገገች። «ቆይ እስቲ! ያ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት የእኔ ዝይ እንቁላል ነው! ከመንደሩ ነጠብጣብ ያለበት የምትጥለው የእኔዋ ብቻ ናት! ሰውዬው በመሐረብ ጠቅልሎ የወሰደው ነው!»

ቬንዴልም ወደፊት ዘለለ። «ሚስማሩም የእኔ ነው! ባለፈው ሳምንት ኮፍያዬን የምሰቅልበት ብሎ ሦስት ሚስማር ለምኖኝ በእጁ አስቀመጥኩለት። ሚስማር ሠርቼ ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጭረት እንደማደርግ አገር ያውቃል። ይዩት፣ ክቡር ዳኛ! ሁለት ጭረት!»

ዳኛው ሚስማሩን ወደ ብርሃን ያዙት። ሁለት ጭረት።

«ሰባት ሰው በጆሮዬ አንድ ነገር ነገረኝ» አሉ በዝግታ። «ሰባቱም አንድ ዓይነት ነው። ይህ ግን አይደለም። ይህንን የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌ፣ ይህ የእንቁላል ነገር ከየት መጣ?»

«ከእኔ» አለ ኪሊያን። «ውሸት ነው። በፊቴ ዝይ ስላለፈች ነው እንጂ ላም ብታልፍ ኖሮ የላም ቀንድ እለው ነበር።»

ሕዝቡ ፈነዳ! ወታደሮቹም ሳይቀሩ ሳቁ። ሴባልዱስ ብቻ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

ኪሊያን ወደ ቬንዴል ዞረ። አሁን ገባው። ይህ ሰው ውሸት የቀበረው እውነቱን የሚነግረው ስላጣ ነው። ቬንዴል አልሸጠም። አምስቱም አልሸጡም። በእንግዳው መዳፍ ላይ ያየሁት ሚስማሩን ነበር፤ ሚስማሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የጠረጠርኩት ግን ጓደኛዬን ነው።

ከዚያ ዳኛው ተነሡ፤ ኪሊያንም ከአሥራ አምስተኛው ድንጋይ ጀምሮ ተራመደ። ዳኛው ከኋላው እየተከተሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ስድስት መቶ አርባ ላይ ሁለቱም ቆሙ። ሣሩ ከሥሩ ተቆርጦ እንደገና የተነጠፈ፣ ቢጫ ክብ ነበር። ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ የግንቡ ጌታም ሳይወድ አዞረ። ድንጋዩ ከተነቀለበት ጉድጓድ በታች በጥልቅ ተቆፈረ። ዳኛው ጎንበስ አሉ፣ አዩ፣ መልሰው በአፈር ሸፈኑት።

«ምስክሩ በቦታው ነው» አሉ። «ድንጋዩ የሸሸው ብቻውን ነው።»

ምን ነበር ከሥሩ? ትሉኛላችሁ። ሰባቱ አልተናገሩም። ዳኛው አልተናገሩም። እኔ ከየት አምጥቼ ልንገራችሁ?

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ሴባልዱስ ድንጋዩን ከግንቡ ሁለት ሠራተኞች ጋር ተሸክሞ ወደ ቦታው መለሰ። አጥሩ ፈረሰ፤ ውኃው ወረደ፤ ወፍጮው ዞረ። የግንቡ ጌታ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ። አንዳንዶች አመኑት። ኪሊያን አላመነም፤ በዚህስ ትክክል ነበር።

ለሴባልዱስ ግን ሌላ ነገር ተጨመረለት። «የመንደሯን አቀማመጥ ለማወቅ ነው የመጣኸው» አሉት ዳኛው፤ «እንግዲያውስ እንደ አገሬው ልጅ እወቃት።» ሠላሳ አንዱንም ድንጋይ በእግሩ አዞሩት። በየድንጋዩም አንድ የመንደር ሰው ጆሮውን ጎተተ። ግራ አሥራ ስድስት ጊዜ፣ ቀኝ አሥራ አምስት ጊዜ። አሥራ ስድስተኛውን የጎተተችው ቫልቡርጋ ናት፤ ያን ጩኸት ረግረጉ ውስጥ ያሉ እንቁራሪቶች ሰምተው ጸጥ አሉ ይባላል። ዳቦ ግን አልሰጡትም።

መጽሐፉስ? ዳኛው አንዲቱን ገጽ ቀደው ጣሏት፤ ሌላውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጡ። እሳቱም፣ ጎርፉም፣ የቬንዴል አያትም በትክክል ተጽፈው ነበር። ሰውየው ሌባ ቢሆንም እጁ ጥሩ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር፤ ይህንንም መካድ አይገባም።

ቀሪው የኪሊያን ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኪሊያን ከቤቱ ወጣ። በጣቱ ቆጠረ። በዚያ ወር ሃያ ሦስት ጠርጥሯል፤ ሃያ ሁለት ቤትና አንድ እንግዳ። በደለኛ ሆኖ ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። በየደጁ ቆሞ «ጠርጥሬህ ነበር፤ ተሳስቻለሁ» አለ። በመጀመሪያው ቤት አፈረ። በሁለተኛው ቤት ቀለለው። በሦስተኛው ቤት ቢራ ሰጡት። ሃያ አንድ ቤት ጨረሰ።

ሃያ ሁለተኛው የቬንዴል ነበር። ቬንዴል ብረት እየመታ ቀና አላለም።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለ ኪሊያን።

«አውቃለሁ። ሰላምታዬን ስንት ጊዜ አልመለስክም?»

«አምስት።»

«ስድስት። አንዱን ከኋላህ ሆኜ ነው ያልኩህ።»

«ያን ቀን ከሰውየው ጋር ለምን ሳቃችሁ? እኔን ስታዩስ ለምን ዝም አላችሁ?»

«በአንተ ላይ ስለነበር የምንስቀው ነዋ!» አለ ቬንዴል። «ኪሊያን ሚስማር ስሰጥህ ካየ ዛሬ ሌሊት አይተኛም ብዬው ነበር።»

ኪሊያን ሳቀ፤ በሰባ ዓመቱ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ቬንዴል መዶሻውን አስቀመጠ። ቀረበና የኪሊያንን ጆሮ በጥቁር ጣቶቹ ያዘ፤ አጥብቆም ጎተተ።

«ኧረ አመመኝ!»

«ይመምህ» አለ ቬንዴል። «የእኔ ደጅ የት እንደሆነ እንዳትረሳ።» ከዚያም ዳቦ አውጥቶ ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ሰጠው።

እንግዲህ ልጆች፣ ሁሉን እየጠየቀ አንዷን ነገር ዘጠኝ ጊዜ የሚጠይቃችሁን ሰው ተጠንቀቁት፤ ባላነበባችሁት ነገርም ላይ ምልክት አታድርጉ። መጠርጠር ነውር አይደለም። ግን የጠረጠራችሁትን ቁጠሩ፤ ንጹሕ ሆኖ ላገኛችሁትም ደጁ ድረስ ሄዳችሁ ንገሩት። ኪሊያን መንደሩን ያዳነው በጥርጣሬው ነው፤ ጓደኛውን ያገኘው ግን በሃያ ሁለተኛው ደጅ ነው።

ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ። ስትመልሱልኝ ቆጥራችሁ መልሱልኝ፤ ድንጋዩ ሠላሳ አንድ ነው። አሁን ጆሯችሁን ልቀቁት።